ባቄላና ባክቴሪያ፦ «ተረዳዱ» የሚለው ታሪክ የዘለለው በር

ስለ ባቄላ ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣን አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ምናልባት እናንተም በቃላችሁ ትሉት ይሆናል፦ «ተክሉ ለባክቴሪያው ስኳር ይሰጣል፣ ባክቴሪያው ለተክሉ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ።» አጭር ነው፣ ለፈተና ይመቻል፣ ደግሞም ውሸት አይደለም። ችግሩ ግማሽ መሆኑ ነው፤ ግማሽ መሆኑም አያስታውቅም። እንደ ሙሉ መልስ ስለሚሰማ ቀጣዩን ጥያቄ እንዳንጠይቅ አፋችንን ይዘጋዋል።

ቀጣዩ ጥያቄ ምንድነው? እንዴት ነው የሚሰጣጡት? በየት በኩል? በሩን የሚከፍተውስ ማነው?

በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ያን ዓረፍተ ነገር እንመረምራለን። ከዚያ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ለማረም የተነሳ፣ በዘርፉ ብዙ የተወራለት አንድ የምርምር ጽሑፍ አለ፤ እሱንም አንምረውም። ሁለቱም የተሳሳቱት በአንድ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የት እንደሆነ እየሄድን እናየዋለን።

ባቄላን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ ወደ ጮቄ ተራራ ስትወጡ ጤፉ እየቀረ ይሄድና ገብሱ፣ ድንቹና ባቄላው ይበረክታል። የደጋው ገበሬ ዘንድሮ ገብስ ወይም ስንዴ የዘራበትን መሬት በሌላ ዓመት ባቄላ ያለብሰዋል። ከባቄላ በኋላ የሚዘራ እህል እንደሚያምር ያውቃላ! ይህንን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አላስፈለገውም። ሳይንሱ የጨመረው ምክንያቱን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ስሩ ላይ ባሉ ትናንሽ እንክብሎች ውስጥ ተቀምጧል።

ዓረፍተ ነገሩ ምን ይጎድለዋል?

መነሻውን በአጭሩ እናስታውስ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ግን ይህንን ናይትሮጅን በቀጥታ መጠቀም አይችልም፤ ሁለቱ የናይትሮጅን አቶሞች በሶስት ማሰሪያ ተጠፍረው የተያያዙ ናቸው። ይህንን ማሰሪያ የሚፈታ ናይትሮጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያላቸው አንዳንድ ጥቃቅን ተሕዋስያን ብቻ ናቸው። በባቄላ ስር የሚኖረው ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ አንዱ ነው። ስሩን ገብቶ ተክሉ በሚያበጅለት እንክብል ውስጥ ይኖራል። እንክብሉ ኖዱል ይባላል። በውስጡ ሆኖ ቅርጹን የቀየረው ባክቴሪያ ደግሞ ባክቴሮይድ ይባላል። እነዚህን ሁለት ቃላት ያዙልኝ፣ እንደጋግማቸዋለን።

ስራው ቀላል አይደለም። አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ወደ አሞኒያ ለመቀየር ቢያንስ 16 ኤቲፒ ይጠፋል። ኤቲፒ ማለት ህዋስ ለስራው ሁሉ የሚከፍለው የጉልበት ሳንቲም ነው በሉት። ስለዚህ ባክቴሮይዱ ያለማቋረጥ ነዳጅ ይፈልጋል።

የትምህርት ቤቱ ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያ እንከን እዚህ ጋ ነው። «ስኳር ይሰጣል» ይላል። እውነት ነው፣ ስኳሩ ከቅጠል ወርዶ ኖዱሉ ድረስ ይመጣል። ባክቴሮይዱ ጋ ሲደርስ ግን ስኳር ሆኖ አይደለም፤ ተክሉ አስቀድሞ ሰባብሮት እንደ ማሌት ወዳሉ አሲዶች ቀይሮታል። ባክቴሮይዱ የሚቀበለው ይህንን የተሰናዳ ነዳጅ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ምን መሰላችሁ፣ ከመጀመሪያውም ወደ ባክቴሮይዱ ምን እንደሚገባ የሚወስን አካል እንዳለ ይጠቁማል።

ሁለተኛው እንከን የባሰ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በር የለም። «ይሰጣል» ሲል ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ይመስላል። ባክቴሮይዱ ግን በሶስት ሽፋን ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው፦ የራሱ የውስጥ ሽፋን፣ የራሱ የውጭ ሽፋን፣ ከዚያ በላይ ተክሉ የጠቀለለበት ሌላ ሽፋን። ሽፋኖቹ የተሰሩት ከቅባት ነው። አሚኖ አሲድን የመሰለ በውሃ የሚሟሟና የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ሞለኪውል ዝም ብሎ ቅባቱን አቋርጦ አያልፍም። ዘይትና ውሃ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ጨምራችሁ ታውቁ የለ? እንደዚያ አስቡት።

ሶስተኛው እንከን ከሁለተኛው ይከተላል። በር ከሌለ በረኛ የለም። በረኛ ከሌለ ደግሞ «ማን ይወስናል?» የሚለው ጥያቄ አይነሳም። የእኔ ትልቁ ቅሬታ ይሄ ነው።

በሩ እንዴት ይሰራል?

ታዲያ አሚኖ አሲድ ወደ ባክቴሪያ የሚገባው እንዴት ነው? ከዋና ዋናዎቹ መንገዶች አንዱ ሳይንቲስቶች ኤቢሲ ማጓጓዣ የሚሉት የፕሮቲን በር ነው። ሶስት ዓይነት ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው ያዢው ነው። በባክቴሪያው ሁለት ሽፋኖች መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ሲንሳፈፍ የሚውል ፕሮቲን ነው፤ የሚፈልገው አሚኖ አሲድ ሲያጋጥመው እፍ አድርጎ ይይዘዋል። ሁለተኛው መተላለፊያው ነው። የውስጠኛውን ሽፋን ሰንጥቆ የተቀመጠ ሲሆን፣ ያዢው የያዘውን አምጥቶ እዚህ ያስረክባል። ሶስተኛው ሞተሩ ነው። ከውስጥ በኩል ተጣብቆ ኤቲፒ እየሰበረ መተላለፊያውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በከተማ መግቢያ ያለ ኬላ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ አይከብዳችሁም፦ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያጣራ አለ፣ የሚነሳና የሚወርድ እንጨት አለ፣ እንጨቱን የሚያነሳው ክንድ አለ።

አሁን ወደ ጂኖቹ እንምጣ። ጂን (በአማርኛ ዘረ መል የምንለው) አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሰራ የሚናገር የዲኤንኤ ክፍል ነው። የበሩ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጂን አለው። የባቄላው ራይዞቢየም ለአሚኖ አሲድ ሁለት ትልልቅ በሮች አሉት። አንዱ ኤኤፒ ይባላል፤ ጄ፣ ኪው፣ ኤም እና ፒ በሚባሉ አራት ጂኖች ይሰራል። ጄ ያዢውን፣ ኪውና ኤም መተላለፊያውን፣ ፒ ሞተሩን ይሰራሉ። ሁለተኛው በር ብራ ይባላል። ስሙ ከመስከረም ሰማይ ጋር ዝምድና የለውም፤ «ባለ ቅርንጫፍ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቆርጦ የተወሰደ ነው። እሱም ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ እና ሲ የሚባሉ አምስት ጂኖች አሉት።

ሁለቱም በሮች መራጭ አይደሉም። ብዙ ዓይነት አሚኖ አሲድ ያሳልፋሉ። ይህንን ነጥብ አትርሱት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሙግት በሙሉ በእሱ ላይ ይቆማል።

ሁለቱን በሮች የሰበረው ሙከራ

በ2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ሎድዊግ፣ ፊሊፕ ፑልና ባልደረቦቻቸው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአሚኖ አሲድ ዑደት የናይትሮጅን ማርጋትን ያንቀሳቅሳል» እንደማለት ነው። የሰሩት በአተር ላይ ነው። አተርና ባቄላ ስራቸው ላይ የሚያስጠጉት ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ምስርና ጓያም ከዚያው ቡድን ናቸው።

ሙከራው ግልጽ ነው። ከሁለቱ በሮች አንዱን ብቻ በጂን ደረጃ ሰበሩት። አተሩ ምንም አልሆነም፣ አረንጓዴ ሆኖ አደገ። ቀጥለው ሁለቱንም ሰበሩ። ኖዱሎቹ ተሰሩ፣ ባክቴሪያዎቹ ገቡ፣ ተክሉ ግን ቢጫ ሆነ። ናይትሮጅን ተራበ። ነዳጁ በሌላ በር መግባቱን አላቆመም፤ የጎደለው የአሚኖ አሲድ መተላለፊያ ብቻ ነበር።

እዚህ ድረስ ያለው እጅግ ጥሩ ስራ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ለዘመናት «ስኳር ለናይትሮጅን» ሲል ከኖረ በኋላ፣ በሁለቱ መካከል አሚኖ አሲድም የግድ መጓዝ እንዳለበት በማያሻማ መንገድ አሳየ። ባክቴሪያው የራሱን አሚኖ አሲድ መስራት የሚችል ፍጡር ነው። አፈር ውስጥ ብቻውን ሲኖር ይሰራል። ታዲያ ኖዱል ውስጥ ሲገባ በሩ ሲሰበር ለምን ሽባ ሆነ? ጥያቄውን ያነሳው ይህ ሙከራ ነው።

ታሪኩ ውጤቱን ሲቀድም

ሂሴ የሚጀምረው ከውጤቱ በኋላ ባለው ነው። ጸሐፊዎቹ ለውጤቱ አንድ ታሪክ ሰጡት። ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ ተክሉ ለባክቴሮይዱ አሚኖ አሲድ (እንደ ግሉታሜት ያለ) ይሰጠዋል። ባክቴሮይዱም ይህንን ሲያገኝ ያመረተውን አሞኒያ ለራሱ መጠቀሙን ያቆማል፤ ከዚያ ሌላ አሚኖ አሲድ ለተክሉ ይመልሳል፣ ተክሉም በእሱ አስፓራጂን ይሰራበታል። ዑደት ነው። ከዚህም አልፈው አንድ ትልቅ ድምዳሜ ላይ ደረሱ፦ ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚፈላለጉ ተክሉ ባክቴሪያውን ጠቅልሎ ሊገዛው አይችልም፤ መረዳዳት በዝግመተ ለውጥ እንዲጸና ያደረገው ይህ ነው አሉ።

ያምራል አይደል? ለእኛ ሀገር አንባቢ ደግሞ ይበልጥ ያምራል፤ ወንፈል ነዋ! ዛሬ እኔ ያንተን አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን። ማንም ማንንም አይበልጥም።

ግን ሙከራው ይህንን አሳይቷል? እስቲ ቆም ብለን እንይ። ሁለት መራጭ ያልሆኑ በሮች ተሰበሩ። በእነሱ በኩል ብዙ ዓይነት አሚኖ አሲድ ያልፋል። ስለዚህ ከሙከራው በእርግጠኝነት የምናውቀው «ከሚያልፉት አንዱ ወይም ብዙዎቹ የግድ ናቸው» የሚለውን ነው። የትኛው? አይናገርም። ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ? የተሰበረ በር አቅጣጫ አይናገርም። ግሉታሜት ነው ዋናው? ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። የመመለሻ ጉዞውስ? በሩ ሲሰበር ተክሉ ቢጫ መሆኑ ዑደት መኖሩን አያሳይም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከገጠር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያስገባ ድልድይ ጎርፍ ወሰደው እንበል። በሳምንቱ ከተማው ውስጥ አንድ ዳቦ ቤት ተዘጋ። ድልድዩ ለዳቦ ቤቱ የግድ እንደነበር አውቃችኋል። በድልድዩ የሚያልፈው ግን ስንዴም፣ ማገዶም፣ ሰራተኛም ነው። ከመዘጋቱ ብቻ ተነስታችሁ «ዳቦ ቤቱ የተዘጋው ስንዴ ስላጣ ነው፣ በምላሹም ለገጠሩ ዳቦ ይልክ ነበር» ብትሉ ያላያችሁትን እየተናገራችሁ ነው። ምናልባት የጠፋው ጋጋሪው ይሆናል።

የ2003ቱ ጽሑፍ ስህተት ብዬ የምጠራው መላምት ማቅረቡን አይደለም። መላምት የሌለው ሳይንስ የት አለ? ስህተቱ መላምቱን ርዕስ ላይ ማውጣቱ ነው። «ያንቀሳቅሳል» ይላል ርዕሱ፤ «ሊሆን ይችላል» አይልም። ርዕስ ደግሞ ሩቅ ይጓዛል። ውስጡን ያላነበበ ሰው ሁሉ ርዕሱን ይዞ ይሄዳል።

ጋጋሪው ተገኘ

ደስ የሚለው ነገር ታሪኩን ያረመው ሌላ ባላንጣ አለመሆኑ ነው። ያው የፑል ቡድን ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ዩርገን ፕሬልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ አዲስ ጽሑፍ አወጡ፤ ፑልም አለበት። የመጀመሪያው ሞዴል ልቅ የሆነው በሮቹ መራጭ ስላልሆኑ ነው ብለው በግልጽ አስቀመጡት። ከዚያ የጎደለውን ሙከራ ሰሩ።

ብራን አጠበቡት። ሶስት አሚኖ አሲዶችን ለይቶ እንዲያሳልፍ አደረጉት፦ ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን። እነዚህ ሞለኪውላቸው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ባለ ቅርንጫፍ አሚኖ አሲዶች ይባላሉ። ከሌላ ባክቴሪያ የመጡ በሮችንም አስገብተው ሞከሩ። ውጤቱ፦ ሶስቱ ካለፉ አተሩ ናይትሮጅኑን በደንብ ያገኛል።

ከዚያ ዋናውን ተጠርጣሪ ፈተሹ። ችግሩ ግሉታሜት ማጣት ቢሆን ኖሮ፣ ባክቴሮይዱ ራሱ ግሉታሜት እንዲሰራ የሚያደርግ ኢንዛይም ቢሰጡት መዳን ነበረበት። ሰጡት። አልዳነም። ጉዳዩ የግሉታሜት ሳይሆን የሶስቱ ባለ ቅርንጫፎች ነበር።

ለምን? ባክቴሮይዱ ኖዱል ውስጥ ሲገባ እነዚህን ሶስቱን የሚሰራባቸውን ጂኖች ስራ በእጅጉ ይቀንሳል። ወጥ ቤቱን ይዘጋል እንበል። አፈር ላይ ሳለ ለራሱ ያበስል የነበረው ፍጡር አሁን ከተክሉ ተሰፍሮ የሚሰጠውን ይጠብቃል። በሮቹ ከተሰበሩ ባክቴሮይዶቹ ቁጥራቸው ያንሳል፣ መጠናቸው ያንሳል፣ የዲኤንኤ መጠናቸውም ይቀንሳል።

በነገራችን ላይ በዚህ ጉዳይ እኛም ከባክቴሮይዱ አንሻልም። የሰው አካል ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ዘጠኙን መስራት አይችልም፤ ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን ከዘጠኙ ናቸው። ከምግብ ነው የምናገኛቸው። ሽሮ ስትበሉ ባቄላና አተር ለእናንተም እየሰፈሩላችሁ ነው።

አሁን ወደ ሂሱ እንመለስ። የ2003ቱና የ2009ኙ ጽሑፎች ልዩነት የአንድ ሞለኪውል ስም ብቻ ይመስላል? አይደለም። የታሪኩ ሞራል ተገልብጧል! የመጀመሪያው «እርስ በርስ ስለሚፈላለጉ ተክሉ ሊገዛ አይችልም» አለ። ሁለተኛው «ተክሉ አቅርቦቱን ስለሚቆጣጠር የባክቴሮይዱን እድገትና ዕድሜ ይወስናል» አለ። ወንፈል ነበር የተባለው ቀለብ ሆነ። አንዱ ቀለብ ሰፋሪ፣ ሌላው ቀለብተኛ። እንግዲህ ከአንድ የተሰበረ በር ሁለት ተቃራኒ ሞራሎች ወጡ ማለት ነው። ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሁናችሁ፤ ሞራሉ ከሙከራው ውስጥ አልነበረም።

ሁለተኛውም ታሪክ ቢሆን

እንግዲያው ሁለተኛውን ጽሑፍ ዝም ብለን እንቀበል? ቡድኑ በ2010 እ.ኤ.አ. ፕሎስ ዋን ላይ ያወጣውን ሶስተኛ ጽሑፍ ስታነቡ ነገሩ እንደገና ይጠብባል። ኤኤፒ ውስጥ ኪው የተባለውን ክፍል ወስደው 144ኛዋን አሚኖ አሲድ ብቻ ቀየሩ፤ ፕሮሊን የነበረችውን አስፓርቴት አደረጓት። በሩ ባለ ቅርንጫፎቹን የሚያሳልፍበት ፍጥነት ወደ በጣም ዝቅተኛ ወረደ። አተሩ ግን ቢጫ አልሆነም። ናይትሮጅኑን እንደ ወትሮው አገኘ።

ማለትም ጠብታው ይበቃል። ባክቴሮይዱ በሩ ፈጽሞ ከተዘጋ ይጎዳል፤ ጭላንጭል ካለች ይኖራል። እንዲህ ከሆነ «ተክሉ ቀለቡን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይቆጣጠራል» የሚለው ሃሳብ ላይ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ይመስለኛል። ቀለቡን በግማሽ ብትቀንሱበት የማይሰማው ቀለብተኛን በቀለብ መቆጣጠር ይከብዳል። ደግሞ ልብ በሉ፦ በእነዚህ ሙከራዎች የተሰበረው የባክቴሪያው በር ነው። የተክሉን እጅ ማንም አልያዘም። ባክቴሮይዱ በተክሉ ላይ መንጠልጠሉ ተረጋግጧል። ተክሉ ይህንን እንደ ልጓም መጠቀሙ ግን ከዚያ ተነስቶ የተገመተ ነው። «የሚፈልገው ነገር በእጄ ነው» እና «በእሱ አዝዘዋለሁ» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

በዚያው ጽሑፍ ቦሎቄም ተሞክሯል። ሁለቱ በሮች የተሰበሩበት የቦሎቄ ባክቴሪያም ተክሉን ናይትሮጅን አስራበው፤ ግን መልኩ ከአተሩ ይለያል። የኖዱሎቹ ቁጥር ቀነሰ፣ እያንዳንዱ ኖዱልም የሚያረጋው ናይትሮጅን አነሰ። ስለዚህ «በአተር የታየው በጥራጥሬ ሁሉ እንዲሁ ነው» ማለትም አይቻልም።

የት ነው ታዲያ ሁሉም የተሳሳቱት? የትምህርት ቤቱ ዓረፍተ ነገር በሩን ዘለለና በቀጥታ ወደ «ይረዳዳሉ» ሄደ። የ2003ቱ ጽሑፍ በሩን አሳየንና በበሩ ምን እንደሚያልፍ ሳያጣራ ወደ «አይገዛዙም» ሄደ። የ2009ኙ የሚያልፈውን አጣራና ወደ «ይቆጣጠራል» ተሻገረ። በየጊዜው እውቀቱ እየጠራ መጥቷል፤ ያቺ የመጨረሻዋ ዝላይ ግን በሶስቱም ውስጥ አለች። ባክቴሪያና ተክል ጎረቤታሞች አይደሉም፣ ጌታና ሎሌም አይደሉም። ሃሳብ የላቸውም። ያላቸው በር፣ ጂንና ኬሚስትሪ ነው። ወንፈልና ቀለብ የእኛ ቃላት ናቸው፤ እንድናስብ ይረዱናል፣ ማስረጃ ግን አይሆኑም።

ይህ ለጎጃም ደጋ ምኑ ነው?

«ቃላት መሰንጠቅ ነው እንጂ ምን ይፈይዳል?» የምትሉ አትጠፉም። ይፈይዳል። የማዳበሪያ ዋጋ ባለፉት ዓመታት የት እንደደረሰ ከቤተሰባችሁ ሰምታችኋል። 100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ነው፤ ከውጭ ሀገር በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይመጣል። ስለዚህ በሀገር ውስጥ ራይዞቢየምን አራብቶ በከረጢት ለገበሬው ማድረስ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ስራ ነው። ሕያው ማዳበሪያ ይባላል። ዘሩ በጥላ ስር በስኳር ውሃ ይለወስና ከዱቄቱ ጋር ይታሻል፣ ሳይቆይ እርጥብ አፈር ላይ ይዘራል።

ግማሹ ዓረፍተ ነገር አደጋ የሚሆነው እዚህ ነው። «ባክቴሪያው ናይትሮጅን ይሰጣል» ብሎ የተማረ ሰው ከረጢቱን እንደ ዩሪያ ያየዋል፦ ጨምር፣ ይሰራል። ዩሪያ ግን ጨው መሰል ነገር ነው። ባክቴሮይዱ ሕይወት ያለው ነው፤ ነዳጁንም ወጥ ቤቱ የተዘጋበትን አሚኖ አሲድም ከተክሉ ይጠብቃል። ተክሉ ራሱ ከተራበ ምኑን ይሰጠዋል?

የጎጃም ደጋ ትልቁ ፈተና ደግሞ የአፈር አሲዳማነት ነው። ዝናብ የበዛበት፣ ለዘመናት የታረሰና የታጠበ መሬት አሲድ ይበዛበታል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አልሙኒየም እየሟሟ ስሩን ያቆረፍደዋል። ፎስፎረስ በአፈሩ ይታሰርና ተክሉ አያገኘውም። ሞሊብደነም የሚባለው ንጥረ ነገርም ይሸሻል፤ የራይዞቢየም ናይትሮጅኔዝ ደግሞ ያለ ሞሊብደነም አይሰራም። ብዙዎቹ የባቄላ ራይዞቢየሞችም አሲዱን አይወዱትም። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ከረጢቱን ብቻ ይዞ መሄድ፣ በሩ የተዘጋበት ቤት እንግዳ መላክ ነው። ኖራ ያስፈልጋል፣ ፎስፎረስ ያስፈልጋል። ይህ ሳይሟላ ባቄላው ቢጫ ሲሆን ጥፋቱ ወይ በባክቴሪያው ወይ «በአግባቡ አልተጠቀመም» ተብሎ በገበሬው ላይ ይላከካል። ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ተክሉንና አፈሩን እንጠይቅ ነበር።

ሌላም አለ። ከረጢቱ ለሁሉም ጥራጥሬ አንድ አይደለም። የባቄላው ባክቴሪያ ለአተር፣ ለምስርና ለጓያ ይሆናል፤ ለሽንብራ አይሆንም። በአዊና በምዕራብ ጎጃም አሲዳማ መሬት ላይ ሳይቀር የሚበቅለው ግብጦ ደግሞ ፍጹም ሌላ ባክቴሪያ ነው የሚያስጠጋው። የአተሩን ሙከራ ውጤት ወስዶ ለግብጦ «እንዲሁ ነው» ማለት፣ የ2003ቱን ርዕስ ስህተት መድገም ነው።

ራሳችሁ እዩት

ባቄላ ሲያብብ፣ ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አንድ ተክል ከነአፈሩ በጥንቃቄ አውጡ። አትንቀሉት፤ ኖዱሎቹ ተበጥሰው ይቀራሉ። አፈሩን በውሃ እጠቡትና ትልልቆቹን እንክብሎች በጥፍራችሁ ለሁለት ክፈሏቸው። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሰራ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና ካለው ፕሮቲን ነው፤ ስራው ኦክስጅን ናይትሮጅኔዝን እንዳያበላሸው መጠኑን መጠበቅ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሰራ አይደለም። ኖዱል መኖሩ ብቻ አይበቃም። በሮቻቸው የተሰበሩት አተሮችም እኮ ኖዱል ነበራቸው።

በመጨረሻ፣ የሚተች ሰው የተሻለ ማቅረብ አለበት ይባላል። የትምህርት ቤቱን ዓረፍተ ነገር በዚህ እንድትተኩት እጋብዛችኋለሁ፦ «ባቄላና አተር ለባክቴሪያቸው ነዳጅ ያቀርባሉ፤ በአተር ላይ እንደታየው ባክቴሪያው ኖዱል ውስጥ መስራት የሚተዋቸውን ሶስት አሚኖ አሲዶችም ከተክሉ በጂኖቹ በተሰሩ በሮች በኩል ይቀበላል፤ ባክቴሪያውም አሞኒያ ያወጣል።» ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ለፈተናም አይመችም። ግን «ሁለቱም ይጠቀማሉ» የሚለው የለበትም፤ እሱን ራሳችሁ መርምራችሁ ትጨምሩታላችሁ ወይም ትተዉታላችሁ።